የዘይት ቆርቆሮዋ ጤና አዳም

ጀጎል ውስጥ ቤት የተከራየ ተማሪ መጀመሪያ የሚለምደው የውሃ ሒሳብ ነው። ሐረር ለብዙ ዘመን ስትጠጣ የኖረችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ሲሳብ፣ ደለሉም ሲሞላው፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ኋላ ሐይቁ ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ከተማዋ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ጉድጓድ አስቆፍራ ውሃውን በቧንቧ ዳገቱን ሽቅብ ማስወጣት ነበረባት። እኛ ቤት ታዲያ ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። በጀሪካን እንኖራለን።

በዚህ ሒሳብ መሀል አንዲት ጤና አዳም አለች። የአከራያችን የእማማ ባለቤት (ነፍሳቸውን ይማር) በዘይት ቆርቆሮ የተከሏት ናት። ግንዷ እንጨት ሆኗል፤ ቅጠሏ ጫፍ ጫፏ ላይ ብቻ ቀርቷል። እማማ ጧት ጧት አንድ ጣሳ ሙሉ ያጠጧታል፤ ውሃው ወዲያው ከሥር ወርዶ ድንጋዩ ላይ ይፈሳል። «ጠገበች» ይላሉ። ኧረ የጠገበውስ ድንጋዩ ነው! ሥሯ ቆርቆሮውን ሞልቶታል፤ የተረፈው አፈር ደርቆ ከጠርዙ ስለሸሸ፣ ውሃው በዳር በዳር ሾልኮ ይሄዳል እንጂ መሀሉን አይነካውም።

ትዛወር አልናቸው። «እሳቸው የተከሏትን እኔ አልነቅልም» አሉ። ልጃቸው ደግሞ ጣሏትና ከሸዋ በር ገበያ ሌላ ግዙ ባይ ነው። እኛ ሦስታችን በዚህም በዚያም አልተስማማንም። ሁለት ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጠን በጣሳ ተከልን። ከሳምንታት በኋላ ሥር ሲይዙ፣ እማማ ጎንበስ ብለው አዩና «ዘሯ ከቀረ እንግዲህ…» ብለው ዝም አሉ። ፈቃድ ነው ብለን ያዝነው።

ሥራውን ለማታ አቆየነው፤ የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ ከነካና ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። በዋዜማው አጠጣናት፣ አፈሩ እንዳይበተን። ቆርቆሮውን በመቀስ ቀደድነው። ሥሩ እንደተጠቀለለ ገመድ ዙሪያውን ዞሮ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዟል! የዞረውን በቢላዋ ሰነጠቅነው፣ የሞተውን ቆረጥን። አዲሱ ሸክላ ከአሮጌው በአራት ጣት ብቻ ይሰፋል፤ በጣም ከሰፋ እርጥበቱ ይተኛና ሥር ያበሰብሳል። ቀይ አፈር፣ የቆየ ፍግ፣ አሸዋ ቀላቀልን። ግንዷን ከቀድሞው ጥልቀት አላሳለፍንም። ከላይም ገረዝናት፤ ያን ያህል ሥር ያጣች ያን ያህል ቅጠል አትቀልብም።

ከዚያ ከግድግዳው ጥላ። ውሃ የምትቀምሰው ጣት ሲገባ አፈሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ እሱም ጎመን የታጠበበት ይበቃታል፣ ሳሙና እስካልነካው። በየማለዳው ይፈስ የነበረው ጣሳ ለእኛ ፊት መታጠቢያ ተረፈ።

የቀረው ቅጠል ረገፈ። ልጅየው «አላልኳችሁም?» አለ። እማማ አልተናገሩም፤ እኛም መልስ አልነበረንም። በሦስተኛው ሳምንት ከአሮጌው ግንድ ጎን ምስር የሚያህል አረንጓዴ ብቅ አለ። የዚያን ቀን ቡና ሲፈላ እማማ ለስኒው ቅጠል የቀነጠሱት ከጣሳዎቹ ችግኝ ነው፤ አሮጊቷን አልነኳትም።