ያ ሁሉ ሀብት በማን ጀርባ ተጫነ?

ከአምቦ ተነስታችሁ ጉደርን አልፋችሁ ጌዶ ስትደርሱ፣ የነቀምቴን አስፋልት ትታችሁ ወደ ሰሜን ብትታጠፉ መንገዱ በፊንጫ በኩል ጉዱሩ ያገባችኋል። እዚያ አሰንዳቦ የሚባል ቦታ አለ። ጅማ መንገድ ላይ ካለው አሰንዳቦ ጋር እንዳታምታቱት። የዛሬ 170 ዓመት ገደማ ይሄኛው አሰንዳቦ ከአባይ ወዲህ ስማቸው ከገነነ ገበያዎች አንዱ ነበር። የገበያው ትልቅ ሰው ደግሞ ገማ ሞራስ ይባላል።

ስለ እሱ ልጽፍ የተነሳሁት ሰሞኑን በፌስቡክ መንደር ስለ ባላባት አያቶች የሚጻፈውን ሳነብ ነው። የሁሉም አያት መቶ ጋሻ መሬት ነበራቸው። የሁሉም አያት በበቅሎ ይሄዱ፣ ጠጅ ያስጥሉ፣ ግብር ያበሉ ነበር። እሰየው። ግን የማንም አያት ሲጭኑ አላየሁም። የማንም አያት ሲፈጩ፣ ሲያርሱ፣ ተሸክመው ሲሄዱ አልተጻፈም። ታዲያ ያን ሁሉ መሬት ማን አረሰው? ያን ሁሉ ጭነት ማን ተሸከመው?

ገማ የአገሬው ሹም ልጅ አልነበረም። አባቱ ከአባይ ማዶ፣ ከጎጃም ተሻግሮ ጉዱሩ የገባ ሰው ነው። ልጁ ግን መሬት ያዘ፣ ከብት አረባ፣ ነገደ፣ ጠመንጃ ገዛ፣ አሽከር አበዛ። ጉዱሩ በዚያን ጊዜ በገዳ የሚተዳደር አገር ነው። በገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ማንም ቢጎብዝ ጊዜው ሲደርስ ያስረክባል። ገበያ ግን "ስምንት ዓመትህ ሞላ፣ ውረድ" የሚል ሕግ የለውም። በገበያ የከበረ ሰው ሀብቱን ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም በሀብቱ ላይ ጠመንጃ ይጨምርበታል። 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ገማ ከሀብታም ነጋዴነትና ከባለመሬትነት አልፎ የጉዱሩ ገዥ ለመሆን በቃ። በጊቤ ወንዝ ዙሪያም፣ በሊሙ፣ በጅማ፣ በጎማ፣ በጉማና በጌራ፣ ነገሥታት የበቀሉት ጦርነት፣ መሬትና ንግድ ተደጋግፈው ነው።

በኅዳር 1845 ዓ.ም. ካፑቺኑ ጳጳስ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አባ ማስያስ የተባሉት፣ አባይን ተሻግረው ጉዱሩ ሲገቡ ተቀብሎ ያስጠጋቸው ይኸው ገማ ነው። አሰንዳቦ ላይም የሚስዮን ጣቢያ አቋቋሙ። ኋላ አርጅተው አገራቸው ሲገቡ የ35 ዓመት የሚስዮን ዘመናቸውን በ12 ቅጽ ጻፉት። ስለ ገማ ሞራስ ከምናውቀው አብዛኛው እንዲህ በመንገደኞች ብዕር የተረፈ ነው።

ገበያው ምን ይመስል ነበር? ከሰሜን አሞሌ፣ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ይመጣል። ከደቡብ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ነው የሚጓዘው። አሞሌው፣ ያ የጨው ገንዘብ፣ ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ፣ እንዳይሰበር ወገቡ ታስሮ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል፤ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ቤት ከገባ በኋላ ጭስ በማይለየው ቦታ መቀመጥ አለበት። እርጥበት ካገኘው ገንዘብህ ሟሙቶ ያድራል። ማርትሬዛ ብር ደግሞ በእጅ ይገላበጣል። ነጋዴው በብሩ ላይ የተቀረጸችውን ንግሥት ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ አተኩሮ ያያል፤ ነጠብጣቦቹን ይቆጥራል፤ ፊቷ የተፋቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ብሩ የትኛውም ዘመን ይመታ፣ የተቀረጸበት ዓመት ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. 1780 ነው።

መንገዱም የታወቀ ነበር። የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ ዛሬ የጁቤ ከምትገኝበት ከባሶ ተነስቶ አባይን ይሻገርና አሰንዳቦ ያርፋል። ከዚያ በሌቃ ቢሎ አድርጎ ሊሙ፣ ጅማና ካፋ ድረስ ይዘልቃል። ክረምት ገብቶ አባይ ሲሞላ ነጋዴው በያለበት ይከርማል። በየድንበሩ ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ ቀረጥ አለ። ስለዚህ መሬት ያለው ሰው መንገዱም በእጁ ከሆነ ሁለት ጊዜ ያርሳል፤ አንዴ በበሬ፣ አንዴ በኬላ።

በዚያ ገበያ ከሚሸጠው ሁሉ ግን ጫኝም አጋሰስም የማይፈልግ፣ በራሱ እግር ወደ ገዢው የሚሄድ አንድ "ሸቀጥ" ነበር። ሰው ነው። በጦርነት የተማረከ፣ በዘመቻ የተዘረፈ፣ ሜዳ ላይ ከብት ሲጠብቅ የተሰረቀ ልጅ፣ በረሃብና በዕዳ የተሰጠ። ጥቂቱ በዚያው በባለመሬቱ ቤት ይቀራል፤ ያርሳል፣ ይፈጫል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ያግዳል። ሌላው ተሸጦ አባይን ይሻገራል፣ ምጽዋ ይወርዳል፣ ቀይ ባሕርን ያቋርጣል።

ከእነዚህ ልጆች የአንዱን ታሪክ እናውቃለን። በ1848 ዓ.ም. ገደማ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ከእናቱ ተሰረቀ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1862 ዓ.ም. እዚያው ነፃ ወጣ። ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ከሊሙ ተሽጣ የወጣች ልጅ ነበረች። ኦነሲሞስ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። እሱን መልሶ ያስገባው ብዕሩ ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ገመድ ታስረው የሄዱት ሌሎች ልጆች ግን ስማቸው ማን ነበር?

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ፣ የጥጥ እርሻና የንግድ ቤት የነበረው ሰው ታሪኩ ዛሬም ከነቤተሰቡ በዝርዝር ይገኛል፤ መቼ ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ ስንት መሬት አወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ግን ባሪያዎቹ በተመዘገቡበት ቅጽ ላይ በአብዛኛው የተጻፈው የጌታው ስም ብቻ ነው። ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም። የሰውየው ስም የለም። ለዚህ ነው ዛሬ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ እ.ኤ.አ. 1870 ላይ ሲደርሱ ግድግዳ የሚገጥማቸው። ነፃ የወጡት በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተቆጠሩት በዚያ ዓመት ነውና።

እኛ ያንን ዓይነት ቅጽ እንኳ የለንም። ያለን የአፍ ቆጠራ ነው። የአፍ ቆጠራ ደግሞ አባትን ከአባት እያያያዘ ይወጣል፤ እናት አትቆጠርም፣ የተገዛ ሰው አይቆጠርም።

ባለፈው መስቀል ጌዶ አጠገብ ካሉ የቤተሰባችን ሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ነበር። እስከ አሥረኛው አያት ድረስ፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ ሳይደናቀፉ ቆጠሩልኝ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ "እሱ እንኳን እስከ ጉደር ወንዝ መሬቱ የሱ ነበር" አሉ።

"አባባ፣ ያን ሁሉ ማን ያርስላቸው ነበር?"

"ቤተሰቡ ነዋ።"

"ቤተሰቡ ማለት ልጆቻቸው?"

ትንሽ ዝም አሉና "የቤት ሰው አለ እኮ ልጄ። ብዙ ሰው ነበር።"

"ስማቸውን ያውቃሉ?"

ይሄኔ ቡና የምታፈላው አክስቴ ከወዲያ ጣልቃ ገባች። "ኧረ ተው! እንዲህ ያለው አይጠየቅም። የሰው ልጅ ታስቀይማለህ።" ወሬውም ወደ ጤፉ ዋጋ ዞረ።

አክስቴ በግማሽ ልክ ናት። በኦሮሞ የሞጋሳ ሥርዓት ወደ ጎሳው የገባ እንግዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ ነው፤ የጎሳውን አያት አያቴ ብሎ ይቆጥራል፤ "ከየት መጣህ" ተብሎ አይጠየቅም። የገበያ ነጋዴም ከለላ ያገኝ ከነበረባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ይህን ያህል ሰፊ በር ያለው ባህል መጠየቅን ነውር ሲያደርግ ምክንያት አለው። ዛሬም በአንዳንድ መንደር "የእገሌ ዘር እንዲህ ነው" ተብሎ ጋብቻ ሲፈርስ አይተናል፤ ለቅሶ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ሲለይ ሰምተናል። በዚህ በኩል ዝምታው መጠለያ ነው።

በቀረው ግማሽ ላይ ግን አልስማማም። ያው ዝምታ የተሸጠውን ሰው ልጅ ብቻ አይደለም የሚሸፍነው፤ የሸጠውንም ይሸፍናል። ሻጩ ሰባት ትውልድ ሙሉ በኩራት ሲጠራ፣ ስለ ሥራው ግን የሚጠይቀው የለም።

የእኛ ከተሞች ታሪክም ከዚህ ንግድ ውጭ አይደለም። የጎጃሙ ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ የተሰጣቸው ማዕረግ የጎጃምና የካፋ ንጉሥነት ነው። ሸዋም ያንኑ አገር ይፈልጋል። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ምኒልክና ተክለ ሃይማኖት የተጋጠሙት እዚያው ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ ላይ ነው። የጦርነቱ ዋና ጉዳይ የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በማን ኬላ ይለፍ የሚል ነበር። ምኒልክ ከራስ ጎበና ፈረሰኛ ጋር አሸነፉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። በባኮ፣ በጌዶ፣ በጉደር፣ በአምቦ፣ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርጎ እንጦጦና አዲስ አበባ መግባት ጀመረ። ዛሬ አውቶቡስ የሚመላለስበት መስመራችን የደራው እንዲህ ነው።

መሬቱም በቃላድ ገመድ ተለካ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። በደንቡ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ይቀራል፤ የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ይከፋፈላል። አራሹ ገባር ሆነ። ዛሬ "የአያቴ መሬት" እየተባለ ከሚጠራው ብዙው ይህ ሲሶ ነው። የባርነቱ ነገር በ1916 ዓ.ም. በአዋጅ ተገደበ፤ ጨርሶ የተከለከለው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። መሬቱ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። የነቀምቴው ገዥ የሞሮዳ በከሬና የልጁ የኩምሳ ቤተሰብ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆኖለታል፤ ስለ ወርቅ፣ ስለ ዝሆን ጥርስና ስለ ግብር የተጻጻፏቸው የአማርኛ ደብዳቤዎችም በተመራማሪዎች ታትመዋል። ወረቀት ያለው ቤተሰብ እንዲህ ይታወሳል። ስለዚህ ስም የሌላቸውን ሰዎች የምንፈልገው ባለ ወረቀቶቹ ወረቀት ውስጥ፣ በመስመሮቹ መሃል ነው።

"ባሪያ" ወይም "ምርኮኛ" የሚለውን ሰምቶ የሚሸማቀቅ ካለ ደግሞ አንድ የኛን ሰፈር ሰው ላስታውስ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የቸቦ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ሸዋ ገቡ። በ1900 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1919 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ አገር ከሚያዞሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ድልድይ በስማቸው ይጠራል። ምርኮኛ መሆን የተማራኪውን ክብር አይነካም። ነውሩ ሰው የሚሸጠው ገበያ ነው።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። ጥያቄውን ወደ ጎረቤት ዘር አናዙረው፤ ወደ ራሳችን አያት እናዙረው። "እነ እገሌ ከየት መጡ?" የሚለው መርዝ ነው። "የኔ አያት ይህን ሁሉ እንዴት አገኙት? ማን አረሰላቸው? ገበያ ምን ይዘው ሄደው ምን ይዘው ተመለሱ?" የሚለው ግን የቤታችን ጥያቄ ነው፤ ማንንም አያሳፍርም፣ ካሳፈረም የሚያሳፍረው እኛን ነው። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ፣ ስልካችን ላይ ስንቀዳቸው፣ ከአባቶቹ ስም ጎን እናቶቹን እንጠይቅ፤ ከመሬቱ ስፋት ጎን እጆቹን እንጠይቅ። የሚሰጡን ስም አንድ እንኳ ቢሆን እንጻፈው፤ የሚያፍርበት ዘመድ እንዳለ ካወቅን በቤታችን መዝገብ ብቻ ይቀመጥ።

እኔ የአምስተኛውን አያቴን ገጽ አሁን እንደገና እየጻፍኩት ነው። "እስከ ጉደር ወንዝ ድረስ መሬት ነበራቸው" ከሚለው ሥር "ያረሱት ሰዎች፦" ብዬ ባዶ መስመር ትቻለሁ። አክስቴን በሚቀጥለው ስሄድ ለብቻዋ እጠይቃታለሁ፤ እንዳይጠየቅ የምትከላከለው እሷ ናትና፣ የምታውቀውም እሷ ትመስለኛለች።