ቀይዋ ዶሮ፣ ቡናማው እንቁላል

ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው የዶሮ ዝርያ የተገኘው በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሮድ አይላንድና በማሳቹሴትስ ነው። ገበሬዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከእስያ በመርከብ የመጡ ዶሮዎችን ከየቤታቸው ዶሮ ጋር እያዳቀሉ አወጡት።

በ1954 እ.ኤ.አ. ሮድ አይላንድ ይህችን ዶሮ የግዛቷ ወፍ አድርጋ መረጠች።

ላባው ከዝገት መልክ ጀምሮ ወደ ጥቁር እስከሚጠጋ ቀይ ይደርሳል። የአውራው ጅራት ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብለጨልጫል። ሴቷ 3 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ትጥላለች።

የእንቁላሉ ቡናማነት ከላይ ያረፈ ቀለም ነው። ቅርፊቱ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይሠራል፤ ቀለሙ የሚደረብበት እንቁላሉ ሊወጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው። የተሰበረ ቅርፊት በውስጥ በኩል ነጣ ብሎ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ገበያ ላይ ቡናማውን ከነጩ አስበልጦ መምረጥ ያዋጣል?

ለምግብነቱ ከሆነ የቅርፊቱ ቀለም ለውጥ የለውም። እንቁላልን ከእንቁላል የሚለየው ዶሮዋ የምትበላው መኖ ነው።

ዝርያው ኢትዮጵያም ገብቷል፤ በምርምር ጣቢያዎች ከአገር ውስጥ ዶሮዎች ጋር ተዳቅሏል።