ወተት የተወ ልጅ ምን ይብላ?

ስለ ልጆችና ስለ ቴሌቪዥን ሰዎች ሲነጋገሩ ሁለት ዓይነት ቃል እሰማለሁ። አንደኛው «ቴሌቪዥን ልጅን ያበላሻል፤ ከቤት ይውጣ» ይላል። ሁለተኛውም «የልጆች ዝግጅት ከተባለ ምን ጉዳት አለው?» ብሎ ልጁን በፊቱ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለኛል። የልጆች የተባለው ዝግጅት ለየትኛው ልጅ ነው? የአራት ዓመት ሕፃንም ልጅ ይባላል፤ የዐሥራ ሁለት ዓመቱም ልጅ ይባላል። ነገር ግን አንዱን የሚያጠግበው ሌላውን ያስርበዋል፤ አንዱን የሚያስቀው ሌላውን ያስፈራዋል።

አባቶቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር። በየኔታ ፊት የተቀመጠ ሕፃን ሀሁን ሳይለይ አቡጊዳ አይሰጠውም። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን እያነበበ ቀስ በቀስ ወደ ዳዊት ይደርሳል። ዳዊት ሳይደግምም ወደ ቅኔ ቤት አይላክም። ይህም ቅኔ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጊዜው ስላልደረሰ ነው እንጂ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ወተትና ስለ ጽኑ መብል የመሰለው ምሳሌ ከዚሁ ጋራ የሚስማማ ነው።

በቴሌቪዥንም ነገር ይህን ሥርዓት ያሰቡ ሰዎች አልጠፉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ባሜሪካ «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው ዝግጅት ሲጀመር የታሰበው ትምህርት ቤት ላልገቡ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት ነበር። አዘጋጆቹም ወላጆች ከልጆቻቸው ጋራ አብረው እንዲቀመጡ ብለው ለትልልቆች የሚሆን ጨዋታ ጨመሩበት። ደግሞ በ1997 በዚያው አገር በቴሌቪዥን ዝግጅቶች ላይ የዕድሜ ምልክት ሲደረግ የልጆቹ ዝግጅት በሁለት ተከፈለ፤ ድንበሩም 7 ዓመት ሆነ። ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ልጅ እውነተኛውን ነገር ከልብ ወለዱ መለየት ይጀምራል የሚል አሳብ ነው። ባገራችንም ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

እኛም ከዚህ ዕድል ፈጽሞ አልተለየንም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ዘመን ጀምሮ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት በቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ለትንንሾቹ ፊደልንና ንጽሕናን አስተምሯል። ይህ መልካም ወተት ነው። ነገር ግን ልጁ አድጎ ወተቱን የተወ ጊዜ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜው፣ ምን ይቀርብለታል? እዚህ ላይ ገበታው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ልጁም ረኃቡን ለማስታገሥ ወደ ትልልቆቹ ገበታ ይጠጋል።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ያገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ አንድ ምሽት በዘመዴ ቤት ነበርሁ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጁ «ያ የሕፃናት ነው፤ የእኅቴ ነው» ብሎ የአሻንጉሊቱን ዝግጅት ንቆ ከአባቱ አጠገብ የሁለት ሰዓቱን ዜና ለማየት ተቀመጠ። አንድ የተቃጠለ ቤት በዜናው ውስጥ ሦስት ጊዜ ታየ። ልጁም ወደ አባቱ ዞሮ «አባባ፣ ዛሬ የተቃጠለው ሦስት ቤት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ሣቀ፤ እኔ ግን መሣቅ አልቻልሁም። ያንድ ቤት መቃጠል የሚያሳዝነንን ያህል እኛ አዝነን ስንተኛ፣ ልጁ ግን ሌሊቱን በሦስት ቤት እሳት መካከል ሊያድር ነው ብዬ አሰብሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የኒው ዮርክ ሕንፃዎች በፈረሱ ጊዜም ሥዕሉ ደጋግሞ በመታየቱ ብዙ ሕንፃ የፈረሰ የመሰላቸው ሕፃናት እንደ ነበሩ የልጆችን ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ተናግረዋል።

ምናልባት «ልጅ ከዓለም ተሰውሮ አያድግም፤ ክፉውንም ደጉንም ይወቅ» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ይወቅ። ነገር ግን ከማን አፍ ይስማ? አባት ስለ ጦርነት ለልጁ ሲነግረው የልጁን ፊት እያየ ቃሉን ይመጥናል፤ ፈርቶ እንደ ሆነ ያቆማል፤ አልገባው እንደ ሆነ ይደግማል። ቴሌቪዥን ግን በፊቱ የተቀመጠው ሽማግሌ ይሁን ሕፃን አያውቅም። ስለዚህ ለዕድሜ የሚገባውን የመምረጥ ሥራ በዝግጅቱ ላይ በተለጠፈው ምልክት ብቻ አይፈጸምም፤ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

አብሮ የተቀመጠውም ሰው የሚመዝንበት ሚዛን ከሩቅ አይመጣም። የኔታ ተማሪው ትምህርቱን መያዙን የሚያውቁት ቃሉን በቃሉ ሲያሰሙት ነው። እኛም ልጁ አይቶ በተነሣ ጊዜ «ያየኸውን እስኪ ንገረኝ» እንበለው። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው ከነገረን፣ ያ ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገም ከገለጸልን፣ መብሉ ለዕድሜው የተገባ ነው። ዱላውንና ጩኸቱን ብቻ ከነገረን ግን ገና አልደረሰበትም። ከመንገር ዝም ብሎ ፊቱን ካዞረ ደግሞ አንድ የከበደው ነገር እንዳለ እንወቅ፤ እንደ አጥፊም ሳንቆጣው ቀስ ብለን እንጠይቀው።

ይህን የምጽፈው ለወላጆች ብቻ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን በየዕድሜያቸው ከፍለን የምናስተምር እኛ፣ ማታ በየቤታቸው ሁሉም ባንድ ሣጥን ፊት እንደሚቀላቀሉ እናውቃለን። የብዕርና የጥበብ ስጦታ ያለው ሰው ካለ፣ ወተት ለተወው ልጅ የሚሆን ታሪክ ይጻፍለት፤ የቅዱሳን ገድልና ያገር ታሪክ ለዚህ የሚሆን ሀብት ሞልቶታል። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ እንደሚባለው፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ ዐሥራ ስምንት ሳይሞላው ነገሩን እናስብበት። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በየዕድሜያቸው የሚገባቸውን የምናቀርብበት ማስተዋል ይስጠን።