ፊዚዮቴራፒ ለመታከም የግድ ሪፈር ያስፈልጋል?



ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን ወረዳዎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ "ዶክተር፣ ወገቤን ያመኛል። ሐኪም ሳያየኝ በቀጥታ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ብሄድ ችግር አለው?"

እስቲ ነገሩን እንየው። እግራችን ወለም ሲል ወጌሻ ቤት የምንሄደው ማንንም ሳናስፈቅድ ነው። ስለ አጥንት፣ ጡንቻና ነርቭ ለዓመታት የተማረ ባለሙያ ጋ ለመሄድ ግን እናመነታለን። አውስትራሊያን የመሳሰሉ አገሮች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕመምተኛው ያለ ሪፈር በቀጥታ እንዲሄድ ፈቅደዋል። በአገራችንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ማሰልጠን ከጀመረ ወዲህ ባለሙያዎቹ እየበዙ ነው። ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ይመረምርዎታል፤ ሕመሙ የእሱ ድርሻ ካልሆነ ራሱ ወደ ሐኪም ይልክዎታል።

ዶርዜ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሸምን፣ ጨንቻ ላይ እንሰት ስትፍቅ የምትውል እናት፣ ከሲቀላ ሴቻ ባጃጅ የሚያመላልስ ወጣት፣ የሙዝ ጭነት የሚሸከም ሠራተኛ... የእነዚህ ሰዎች የወገብ፣ የትከሻና የአንገት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በአቀማመጥ ማስተካከያና በተገቢ እንቅስቃሴ ይሻላል። ተኝቶ መክረም ግን ያባብሰዋል።

ነገር ግን ከሚከተሉት አንዱ ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂዱ፦

✔ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት፣ በብልት አካባቢና በመቀመጫ መደንዘዝ ካለ፣ እግርዎ እየሰነፈ ከሄደ (ይህ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ!)
✔ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ። ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የጀርባ አጥንትንም ያጠቃል፤ በመታሸት አይድንም።
✔ ከማንጎ ዛፍ ወድቀው ወይም የመኪና አደጋ ደርሶብዎት ከሆነ። ራጅ ሳይነሱ ማንም እንዲያሽዎት አይፍቀዱ።
✔ ከዚህ በፊት ካንሰር ታክመው ከነበረ
✔ በድንገት ፊት ከተጣመመ፣ በአንድ ወገን እጅና እግር ከሰነፈ ወይም አንደበት ከተሳሰረ። ይህ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሆስፒታል! ፊዚዮቴራፒው ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ስብራት ላይ ደግሞ አደራ እላለሁ። በጣም ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ሰዓታት እጅና እግር ያሳጣሉ። በተለይ ሕፃናት ላይ!

ስለ ወጪም ላንሳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆኑ ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሕመሙ ሪፈር ባያስፈልገውም መድህኑ ሊጠይቅ ስለሚችል ከመሄድዎ በፊት ጤና ጣቢያዎን ይጠይቁ።

ባለሙያው ጋ ሲደርሱም ፈቃድ እንዳለው ከመጠየቅ አይፈሩ። ሳይመረምር በቀጥታ ማሸት የሚጀምር ከሆነ ይጠንቀቁ። ቤትዎ የሚሠሩት እንቅስቃሴ ካልሰጠዎት ሕክምናው ጎደሎ ነው። በጥቂት ሳምንታት ለውጥ ካላዩ ደግሞ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

ወገቡን ይዞ ቤት የተቀመጠ ዘመድ ካለዎት ይህን ያንብቡለት፤ ሼርም ያድርጉ።