ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ጊዜ መቅዳት
ልጄ የፊት ስፒከሮቻችንን በእጥፍ ሽቦ ሊያገናኝ ገንዘብ ጠየቀኝ፤ ለወፍራሙ ድምፅ አንድ አምፕሊፋየር፣ ለቀጭኑ ሌላ።

«ይቻላል፤» አልኩት፤ «በስፒከሩ ጀርባ ያሉት የብረት ማገናኛዎች ግን አስቀድመው ካልወለቁ ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል። ደግሞም ሁለቱ አምፕሊፋየሮች ኃይል የሚቀዱት ከአንዱ ሪሲቨር ነው፤ ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም። ቢሆንም እንኳ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው።»

እዚሁ ሐርላ በቁፋሮ የተገኘውና በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው መስጊድ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በዚያ ዘመን አዛን የሚሰማው በሰው ጉሮሮ ብቻ ነበር። ቁርኣን ሲቀራ የሚያስፈልገን ጸጥ ያለ ቤትና የሚያዳምጥ ልብ ነው። የጎረቤትም ሐቅ አለብን።

ስፒከሮቹን ከግድግዳው አራቅናቸው፤ ቂርኣቱ ጠራ። የሽቦው ገንዘብም ለእህቱ ደብተር ዋለ። አልሐምዱሊላህ።