ጥፍር የማይገባው ዱባ

ጉሊት ላይ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ዱባ ሳነሣ ሻጯ ሳቀችብኝ። “እናትዬ፣ እስቲ ጥፍርሽን አምጪ” አለችና አውራ ጣቴን ይዛ ልጡ ላይ ጫነችው። ጥፍሬ ገባ። “አየሽ፣ ይኼ ገና ልጅ ነው። ስትቀቅይው ውሃ ይሆንብሻል።” ከዚያ አቧራ የለበሰ፣ አንድ ጎኑ መሬት ላይ ተኝቶ የገረጣ፣ አንገቱ ላይ ያለው እንጨት ድርቅ ያለ አንዱን ሰጠችኝ። ጥፍሬ አልገባም። በገጀራ ከፍላ ሩቡን ፌስታል ውስጥ ከተተችልኝ፤ ውስጡ የአበሻ እንቁላል አስኳል ይመስላል። ሙሉውን ብወስድ ወራት እንደሚቀመጥልኝ፣ የተቆረጠው ግን ዛሬ ነገ ሳይባል መሠራት እንዳለበትም ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ትምህርት የሰጠችኝ በሩብ ዱባ ዋጋ ነው።

*

“ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል” የሚለው ተረት ከራሱ ዕውቀት በላይ እውነት ተናግሯል። ቅል ጥንትም የአፍሪካ ነው። ዱባ ግን የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ከ8 ሺህ ዓመት በላይ ሲለማ ኖሮ ባሕር የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። በርበሬም የመጣው ከዚያው ሰፈር ነው። እንግዲህ “የአባቶቻችን” የምንለው የዱባ ወጥ ሁለቱ አውራዎች ሁለቱም እንግዶች ናቸው። ከቡሬ ለመጡት አማቴ ይህን ብነግራቸው “ታዲያ ለምን ከቡሬ ጓሮ ነው የማውቀው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

*

አማቴ ከቡሬ የመጡት ልጄ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሊጀምር ሲል ነው። ይዘውት የመጡት ነጭ ማርና ለጋ ቅቤ ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ሕግ ይዤ ጠበቅኋቸው፦ ጨው የለም፣ ስኳር የለም፣ ማር እስከ አንድ ዓመቱ በፍጹም የለም፣ ቅቤም ይቆይ።

የመጀመሪያውን ዱባ እኔ ቀቀልኩ። ውሃ ሞልቼ ብዙ ጊዜ ካንተከተክሁ በኋላ ውሃውን ደፋሁት። ሳህኑ ላይ የቀረው ቅጥን ያለ ቢጫ ነገር ነው፤ ከማንኪያው ላይ ይፈስሳል። አማቴ ከበርጩማቸው ሳይነሡ “ዱባ ራሱ ውሃ ነው፤ በውሃ ላይ ውሃ ምን ያደርግለታል?” አሉ።

ልክ ናቸው። ከ100 ግራም ጥሬ ዱባ ከ90 ግራም በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። በማግስቱ እሳቸው ሠሩት። ዱባውን ከነልጡ ወፍራም ወፍራም አድርገው ከተፉ፣ ድስቱ ሥር ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ጠብ አደረጉ፣ ከድነው እሳቱን ቀነሱት። ሲበስል ልጡ በማንኪያ ብቻ ተላቀቀ። ሲዳምጡት ገንፎ ሆነ፤ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ እንኳ አይወድቅም። ከምጥን ዱቄት ገንፎ ጋር አዋሐዱትና እኔ ዞር ስል ቅቤ ጨመሩበት። እንዴት አወቅሁ? ሽታው ሳሎን ደረሰ።

ተጣላን ማለት ይከብዳል፤ ከአማት ጋር አይጣሉም፤ ግን ለአንድ ቀን “እርስዎ”ዬ ረዘመ። ኋላ ጤና ጣቢያ ስጠይቅ ማሩንና ጨውን የከለከልሁት ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ በቅቤው ግን ተሸነፍሁ። ዱባን ቢጫ የሚያደርገው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ያለ ቅባት በደንብ አይዋጥም። አማቴ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም። “ያለ ቅባት አይወርድም ብዬሽ ነበር” አሉ፤ እሳቸው ያሉት ስለ ጉሮሮ ነበር።

*

ልጄ ዱባ ወደደ፤ እኔም አበዛሁት። ጠዋት በገንፎ፣ ከሰዓት በምስር፣ ካሮት ሲገኝም ካሮት። ዘጠነኛ ወሩ ላይ የአፍንጫው ጫፍና መዳፉ ብርቱካንማ ሆነ። ጎረቤቴ በር ላይ አየችውና “ኧረ በሞትኩት! የወፍ በሽታ!” አለች። የጫማዬን ጥንድ ሳላረጋግጥ ጤና ጣቢያ ገባሁ።

ነርሷ የዐይኑን ቆብ ሳብ አድርጋ ነጩን አየች። ወተት የመሰለ ነጭ ነው። ሽንቱን ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ “ምን ይበላል?” አለችኝ። “ዱባ” ስላት ሳቋን ዋጠችው። የወፍ በሽታ ቢሆን ዐይኑም ቢጫ ይሆን ነበር፤ ይህ ከቆዳ በታች የተቀመጠ የዱባ ቀለም ነው፣ ሲቀንስለት ይለቅቃል አለችኝ። ብዙ ዱባ በላ ተብሎ ቫይታሚን ኤ አይመርዘውም፤ ሰውነት ከቀለሙ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚለውጠው። በየስድስት ወሩ አፉ ላይ የምትጨመቀው የቫይታሚን ኤ እንክብል ግን ሌላ ነገር ናት፤ ለትንሹ ሰማያዊዋ፣ ዓመት ለሞላው ቀይዋ፣ ልኳ የታወቀ ነው።

ነርሷ የተቆጣችኝ በሌላ ነው፦ “ሆዱን በዱባ ሞልተሽው እህሉንና እንቁላሉን የት ይክተተው?” 100 ግራም ዱባ 30 ካሎሪ አይሞላም። አማቴ ደግሞ ማታ የልጁን መዳፍ መብራት ላይ እያዩ በልጅነታቸው ስለነበረው፣ ቫይታሚን ኤ ሲያጥር ስለሚመጣው ዳፍንት አወሩኝ፤ ፀሐይ ስትገባ ግድግዳ እየዳበሰ ወደ ቤት ስለሚገባ የጎረቤት ልጅ። ያኔም ዱባ በየአጥሩ ነበር፤ የመስከረም መክሰስ እንጂ የሕፃን ምግብ ነው ያለ አልነበረም።

*

የዐቢይ ጾም ሲገባ በብዙ ቤት ሕፃኑም ሳይጠየቅ ይጾማል። ማንም “ጹም” አላለውም። ችግሩ ድስቱ ነው፤ እንቁላል የነካው ማንኪያ የጾም ወጥ እንዳይነካ ሲባል እንቁላሉ ራሱ ይቀራል። ሁለት ወር ገደማ ለዘጠኝ ወር ልጅ የዕድሜው ሩብ ሊሆን ምን ቀረው? አንዲት ትንሽ የልጅ ድስት ለብቻ ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ጣጣ ይፈታዋል። የዚህችን ድስት ሐሳብ ከአማቴ በፊት ያመጣልኝ ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ሑዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሴት ናቸው።

*

የትልልቆቹ ዱባ ወጥ ሌላ ጥበብ ነው። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ በርበሬው በዘይት እስኪበስል ዱባው አይገባም። ከገባ በኋላ በማማሰያ የሚነካካው ሰው ሾርባ ይበላል፤ ድስቱ በሁለት እጅ ተይዞ ይወዘወዛል እንጂ አይማሰልም። የሕፃኑ ድርሻ መለየት ያለበት ገና ጥሬ ሳለ፣ ዱባው በርበሬው ላይ ሳይገባ ነው። ይህ በየቤቱ የሚታወሰው ሁልጊዜ ከገባ በኋላ ነው።

*

ፍሬውን ባለቤቴ ብረት ምጣድ ላይ ጨው ነስንሶ ይቆላዋል። የበዓል ጥሬ ሥጋ በበላ ማግስት ደግሞ “ለኮሶው ነው” እያለ በመድኃኒት ስም እፍኝ ይጨምራል። ሕፃንን ግን ያንቃል፤ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ማደር የለበትም።

*

ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ፦ እናቷ ሊጠይቋት ሄደው በጥቅምት ጎረቤቶች በር ላይ ዐይንና ጥርስ የተፈለፈለበት ዱባ ተደርድሮ አዩ። “ይህን የሚያህል ዱባ ውጭ ያሳድራሉ?” ብለው ገና ያልተፈለፈለውን የልጅ ልጃቸውን ዱባ ወጥ ሠሩበት። ልጁ አለቀሰ፣ ወጡም አልጣመም፤ ለመቅረጽ የሚሸጠው ዓይነት ቃጫማና ውሃ የበዛበት ነው። ከዚያ ወዲህ ባተርነት የሚሉትን አንገተ ረጅም ይገዛሉ።

*

ሱፐርማርኬት ውስጥ ጣት የምታህል ብልቃጥ የተፈጨ ዱባ አለች፤ ከውጭ የመጣች፣ ሥዕሏ ያማረ። በእሷ ዋጋ ከጉሊቷ ሴት ሙሉ ዱባ ገዝቼ መልስ እቀበላለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ብልቃጧን አንድ ጊዜ ገዛቻት። ባዶውን አጥባ፣ አፍልታ በየማለዳው የጉሊት ዱባ እየሞላች ልጇን ወደ ሕፃናት ማቆያ ትልካለች። “ሌሎቹ እናቶች የሚያመጡትን አይተሻል?” አለችኝ፤ በፕላስቲክ ሳህን ዱባ ማውጣት አሳፍሯት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሞግዚቷ ጠየቀቻት፦ “ይቺ ልጅ እንዲህ የወደደችው የትኛው ሱቅ ያለውን ነው? እናቶቹ አምጪልን እያሉኝ ነው።”

“ምን አልሻት?” ስላት “አልቋል አልኳት” አለችኝ።