የመንግሥት ዕዳ በወይፈን ሲመነዘር

«የመንግሥት ዕዳ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ውጭው ብድር ነው፤ ወደ ቻይና፣ ወደ ዓለም ባንክ፣ ወደ ዩሮ ቦንድ። በእኔ ግምት ግን የከተሜውንና የአርብቶ አደሩን ጓዳ ይበልጥ የነካው ድምፅ የሌለው ብድር ነው፤ መንግሥት ከራሱ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ሲወስደው የኖረው። «ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች» እንዲሉ፣ በጀቱ በጎደለ ቁጥር የሚሞላለት ባንክ ያለው መንግሥት ጉድለትን አይፈራም።

ውድ አንባቢ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ግብሩ ወጪውን ያልሸፈነለት መንግሥት ሦስት በሮች አሉት። ከውጭ ይበደራል፤ ወይም የግምጃ ቤት ሰነድና ቦንድ ሸጦ ገንዘብ ካላቸው ባንኮችና ድርጅቶች ይበደራል፤ ወይም ብሔራዊ ባንክ ሒሳቡን እንዲሞላለት ያደርጋል። በሁለቱ በሮች ላይ «ስንት ወለድ ትከፍለኛለህ? በምንስ ትመልስልኛለህ?» የሚል ጠያቂ ቆሟል። አበዳሪው ሲጠራጠር ወለዱ ይንራል፤ የወለዱ መናር ራሱ «አቅምህን እወቅ» የሚል መልእክት ነው። በሦስተኛው በር ግን ጠያቂ የለም። ገንዘቡ ከማንም ቁጠባ አልተቀነሰም፤ መዝገብ ላይ በሰፈረ ቁጥር ተፈጠረ እንጂ። እንግዲህ ማዕከላዊ ባንክ የመንግሥትን ዕዳ በቀጥታ ሲሸከም ትልቁ ምልክት ይህ ነው፦ መንግሥት በሚፈልገው ዋጋ ሊያበድረው የፈቀደ ሌላ ሰው አልተገኘም።

«አሜሪካና አውሮፓስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ቀውስ በኋላ እንዲሁ አላደረጉምን?» የሚል አይጠፋም። እነርሱ ቦንዱን የገዙት ሌሎች አስቀድመው ዋጋ አውጥተው ከገዙት በኋላ፣ ከገበያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ውል ማዕከላዊ ባንክ ለመንግሥት በቀጥታ እንዳያበድር ይከለክላል። በእኛ አገር ግን በሁለተኛው በር ላይ የቆመው ጠያቂ እንኳ አፉ ተለጉሞ ነበር። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በዝቅተኛ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ የግምጃ ቤት ሰነድም ዋጋው በጨረታ መወሰን የጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ይህ ሁሉ ለነገሌ ቦረና ምኑ ነው? በማስተማር ሥራ ምክንያት ወደ ነገሌ፣ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ በተመላለስሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ አቅርቤዋለሁ። አንድ ጊዜ የከብት ዋጋ የጠየቅኋቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ «መምህር፣ በብር አትጠይቀኝ፤ ብሩ ራሱ አንድ ቦታ አይቆምም። አንድ ወይፈን ስንት ኩንታል በቆሎ ያመጣል ብለህ ጠይቀኝ» አሉኝ። እኛ በክፍል ውስጥ የልውውጥ ምጣኔ እያልን በቀመር የምናስተምረውን እርሳቸው በየገበያው ቀን ይኖሩበታል። የቦረና ሰው ቁጠባውን በከብት መያዙ «ኋላ ቀርነት» ሲባል ሰምቻለሁ። ማንም በትእዛዝ ሊያበዛው የማይችለውን ሀብት መያዝ ግን ብልኅነት እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ችግሩ ያ ሀብት በድርቅ ያልቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በቦረና ምድር ሲከሽፉ መንጋው አለቀ፤ የተረፈውም ከስቶ በርካሽ ተሸጠ። በዚያው ዘመን አገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ የመንግሥት ወጪም ከገቢው ሸሸ፤ ከብሔራዊ ባንክ የሚወሰደው ብድር በረከተ፤ የዋጋ ንረቱም በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በቆሎን ያስወደደው የገንዘብ ኅትመት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ድርቁም፣ ጦርነቱም፣ የነዳጅና የውጭ ምንዛሪ ችግሩም ድርሻ አላቸው። ሆኖም የተራበ ሰው ቀጫጭን ከብቱን ሸጦ ያገኛት ብር ከእጁ ሳትወጣ ስትሟሽሽ፣ ፓርላማ ያላወጀውን ግብር እየከፈለ ነው። በአዲስ አበባ በወለድ መልክ ያልተከፈለው ዋጋ አልጠፋም፤ በነገሌ ገበያ በበቆሎ መልክ ተከፈለ እንጂ።

በማዕከል አልሰማ ያሉት ምልክት ከዳር መጥቶ በር ማንኳኳቱ ደግሞ ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው ጦር በምግቡ መበላሸትና በውኃ እጦት ተነሥቶ አለቆቹን ሲያስር፣ ቤተ መንግሥቱ ነገሩን የሩቅ ጦር ሰፈር ብሶት አድርጎ አይቶት ነበር። ዘውዱ ዓመቱን አልዘለቀም።

ከነገሌ ወደ ደቡብ፣ ሞያሌ ላይ፣ አንድ ከተማ በድንበር ተከፍሎ በሁለት ገንዘብ ይገበያያል። በወዲያኛው በኩል ያለው የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሕግ ለመንግሥት የሚሰጠው ብድር በኦዲት ከተረጋገጠው የቅርቡ መደበኛ ገቢ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ኬንያም ከዋጋ ንረትና ከዕዳ አልዳነችም፤ ቢያንስ ግን ድንበሩ በቁጥር ተጽፏል።

እኛስ? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠውን ቀጥታ ብድር ከቀደመው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚያወርድ አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ደግሞ ቀጥታ ብድሩ ፈጽሞ እንዲቆም ቃል ተገባ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ አጸደቀ። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው፤ መልካሙን መልካም ማለት ያስፈልጋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ለማን እንደ ተገባ ነው። ለውጭ አበዳሪ የተገባ ቃል አበዳሪው እስካለ ድረስ ይከበራል፤ ስምምነቱ ሲያልቅ፣ ወይም ሌላ ድርቅና ሌላ ጦርነት ሲመጣ፣ ጠባቂው ማን ነው? የቦረና ሰው ለዚህ መልስ አለው። በጥልቁ የኤላ ጉድጓድ ላይ የውኃውን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ ይሾማል። ተራው የሚከበረው ውኃ ሲተርፍ ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ሲጎድል ነው፤ በጥጋብ ዘመንማ ተራ ጠባቂ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የወሰደውና የመለሰው ገንዘብ በየወሩ ይታተም፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ የነገሌ ነጋዴ በሚያነበው መልክ። የምክር ቤቱ አባላትም በጀት ሲያጸድቁ «ጉድለቱ ከየትኛው በር ይሞላል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «ከሦስተኛው» ከሆነ፣ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል በዚያው ወንበራቸው ላይ ሳሉ ይነገራቸው። ያልተጠየቀ መንግሥት ዕዳውን የሚያወርደው ጠይቆት በማያውቀው ሰው ላይ ነውና።

ቸር ይግጠመን።